የጓሯችን ጌሾ ምን ይበላል?

ጎንደር ውስጥ ግቢ ያለው ቤት ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ አጥር ተጠግቶ የቆመ፣ ቅጠሉ ቅባት የተቀባ ይመስል የሚያብረቀርቅ ቁጥቋጦ ሳታዩ አልቀራችሁም። ምናልባት ቡና መስሏችሁ አልፋችሁት ይሆናል። ጌሾ ነው። አንድ ቅጠል ቀንጥሳችሁ ብታኝኩ ምሬቱ ከምላሳችሁ ቶሎ አይለቅም። ጠላን ጠላ የሚያሰኘው ያ ምሬት ነው፤ ጠጅ ጣዮች ደግሞ ከቅጠሉ ይልቅ እንጨቱን ይመርጣሉ።

እኛ ግቢ አሥራ ሁለት እግር ጌሾ ነበረ። «ነበረ» ያልኩበት ምክንያት አለኝ፤ እደርስበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ተክሉ ላውራችሁ። ጌሾን የማይጠጣ የጎንደር ሰው ጥቂት ነው፤ እንዴት እንደሚያድግና ምን እንደሚበላ የሚያውቅ ግን በእኔ ዕድሜ ካሉ ጓደኞቼ መካከል ፈልጌ አጥቻለሁ።

የቢራ ፋብሪካዎች ምሬታቸውን የሚያገኙት ሆፕ ከሚባል ሐረግ አበባ ነው። ዳሸን ቢራ እ.ኤ.አ. በ2000 እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሥራ ጀምሯል፤ ገብሱ ከአገር ውስጥ ሊገኝ ይችላል፣ ሆፕ ግን ለአገራችን ቢራ ጠማቂዎች በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነገር ነው። ሆፕ ረጅም የበጋ ቀን የለመደ የሰሜን ተክል ስለሆነ፣ ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ በሚቀራረብበት አገራችን አይመቸውም። ጌሾ ደጋና ወይና ደጋው ላይ ያለ ልመና ይበቅላል።

በነገራችን ላይ ሆፕ በዕፅዋት ዝምድና ከካናቢስ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ካናቢስም ለአካባቢያችን ፍጹም እንግዳ አልነበረም። ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በቀድሞው በጌምድር፣ ከአንድ ዋሻ በቁፋሮ የወጡና 14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ የነበሩ የሸክላ ጋያዎች እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በላቦራቶሪ ሲመረመሩ የካናቢስ ቅሪት ተገኝቶባቸዋል። ጎንደር ገና ሳትቆረቆር መሆኑ ነው። ዛሬ ግን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ማብቀሉንም፣ መሸጡንም፣ መጠቀሙንም ያስቀጣል፤ ጓሯችሁ ውስጥ ነገር ማብቀል ካማራችሁ ጌሾ ይበቃችኋል። ጌሾ የሁለቱም ዘመድ አይደለም፣ ምሬቱም የራሱ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ኬሚስት ፕሮፌሰር ብርሃኑ አበጋዝና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ከቅጠሉ ያገኙትን መራራ ንጥረ ነገር «ጌሾይዲን» ብለውታል።

ወደ ምግቡ ልመለስ። እናቴ ጌሾዋን ታበላለች እንጂ «ማዳበሪያ አደርጋለሁ» አትልም። «ዛሬ ጌሾዎቹ አልበሉም» ስትል ሰምቶ የደነገጠ እንግዳ አለን። ዋናው ቀለባቸው ፍግ ነው። ትኩስ እበት አይሆንም፤ ሲብላላ ሙቀት ያወጣል፣ ሥሩን ያቃጥላል። ከረጢት ውስጥ ወይም ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ፣ ሽታው ጠፍቶ፣ በእጅ ሲጨብጡት እንደ ጥቁር አፈር ሲፈረፈር ነው የሚሰጠው። ጊዜው ግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከግንዱ አንድ ክንድ ያህል ራቅ ተብሎ ዙሪያውን ይኮተኮትና ይቀበራል፤ የሚበሉት ቀጫጭን ሥሮች ያሉት እዚያ ነውና። ቀሪውን ዝናቡ ይጨርሰዋል።

አመድ ደግሞ ለብቻው ነው። እናቴ ፍጉን ከሰጠች በኋላ ሳምንታት ጠብቃ ነው አንድ አንድ እፍኝ የምትበትነው። ለምን እንደምትለያያቸው ስጠይቃት «ሲገናኙ ይሸታሉ» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነው፤ አመድ ከፍግ ጋር ሲቀላቀል ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ይተናል፣ አፍንጫን የሚሰነፍጠው ሽታ ያ ነው። ቅጠል የሚያበዛው ናይትሮጂን ስለሆነ፣ ለቅጠሉ ተብሎ ለሚተከል ተክል ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ዩሪያስ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ዩሪያ የበላ ጌሾ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ምሬቱ ግን ይሳሳል ባይ ናት እናቴ፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ የጠመቀች ሴት ስለ ምሬት ስትናገር እኔ አልከራከርም።

ፍጉ ከየት ይመጣል? ከተማ ውስጥ ላም የለንም። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ግን ሦስት ላሞች አርብታ ወተት የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። እናቴ ጠላ በጠመቀች ቁጥር አተላው በጄሪካን ወደ ጎረቤታችን ይሄዳል፣ ላሞቹ ይጠጡታል። ከዚያ ቤት ደግሞ እበቱ በከረጢት ወደኛ ይመጣል። ጌሾው ጠላ ይሆናል፣ ጠላው አተላ ይተዋል፣ አተላው ላም ሆድ ገብቶ ፍግ ይሆናል፣ ፍጉ ተመልሶ ጌሾ ሥር ይገባል። ከሃያ ዓመት በላይ ሲዞር በመካከላቸው አንድ ብር አልተሰጣጡም። ቢዝነስ ስማር እንዲህ ያለውን ነገር በሥዕላዊ መግለጫ እያሳዩ አስተምረውናል፤ ምሳሌዎቹ ሁሉ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ነበሩ። አንድ ማሳሰቢያ፦ አተላውን በቀጥታ ተክሉ ሥር አታፍስሱት። ኮምጣጣ ነው፣ ዝንብና ጉንዳንም ይሰበስባል።

ደጋው ላይ ነገሩ ይከብዳል። ዳባት አቅራቢያ ያሉት አክስቴ ላሞች አሏቸው፣ እበትም አላቸው፣ የማገዶ እንጨት ግን የለም። እበቱ ተጠፍጥፎ ኩበት ይሆንና ምድጃ ውስጥ ይገባል። ያን ጊዜ ናይትሮጂኑ በጢስ ይሄዳል፣ ፖታሽየሙና ፎስፈረሱ አመድ ውስጥ ይቀራል፤ ለጌሾው የሚደርሰው ግማሽ ቀለብ ነው ማለት ነው። አክስቴ የጎደለውን የሚሞሉት ጥጆች ከሚያድሩበት ጉሮኖ በሚጠርጉት ገለባና ሽንት የተቀላቀለበት ጥራጊ ነው። ኩበት ለመሆን የማይመች ስለሆነ ማንም አይሻማቸውም። ጌሾዎቻቸውን የተከሉት ከቤቱ ግድግዳ ሥር፣ ውርጭ በማይመታው በኩል ነው። ከኛዎቹ ይልቅ ቀስ ብለው ያድጋሉ።

ስለ ውሃ ብዙ አልናገርም፤ የጎንደርን የውሃ ፈረቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። የጎለመሰ ጌሾ በጋውን ይችላል። ችግኙ ነው የማይችለው፤ የመጀመሪያውን በጋ ካለፈ አለፈ ማለት ነው። እኛ ሩዝና ምስር ያጠብንበትን ውሃ እንሰጠዋለን፣ ሥሩንም በጤፍ ጭድ እንሸፍነዋለን። ሳሙና የነካው ውሃ አይሰጠውም።

ቅጠሉ የሚቆረጠው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ነው። ስስታም መሆን ያስፈልጋል። ቅርንጫፉን ሁሉ ገፍፋችሁ ራቁቱን ካስቀራችሁት ለማገገም ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ እናቴ ከእያንዳንዱ እግር ሲሶውን ሳትነካ ትተዋለች። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይወቀጣል፣ ወፍራሙ እንጨት ተለይቶ ለጠጅ ቤት ይቀመጣል። ጥምቀት ሲቃረብ የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ እንግዳው ከየአገሩ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲጎርፍ በየቤቱ ጋን ይታጠናል፣ ጌሾ የሌለው ወደ ባለ ጌሾ ይሄዳል። ባለፉት ዓመታት መንገድ እየተዘጋ የገጠሩ ጌሾ ገበያ ሳይደርስ ሲቀር እኛ ቤት በር ላይ ሰው ተሰልፎ አይቻለሁ። ተፈጭቶ ከሚሸጠው ይልቅ ቅጠሉን ዓይናቸው እያየ መግዛት የሚመርጡ ሴቶች ብዙ ናቸው፤ ደግ ያደርጋሉ።

አሁን ወደ «ነበረ» እንምጣ። እኔና ወንድሜን ያስተማረን ጠላ ነው። እናቴ ጉልበቷ ሲደክም ለሽያጭ መጥመቁን ተወች፣ ለበዓልና ለማኅበር ብቻ ሆነ፤ ጌሾውን ግን ለጠላ ሻጮች መሸጧን ቀጠለች። ባለፈው ዓመት ወንድሜ አንድ ሐሳብ አመጣ። ጌሾዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ሁለት ክፍል ሠርተን ለተማሪ እናከራይ አለ። ዩኒቨርሲቲ ያለበት ከተማ ነው፣ ባዶ ክፍል አያድርም። እኔ ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ ቁጭ ብዬ በኤክሴል ሠራሁት። በአንድ በኩል የጌሾው የዓመት ገቢ፣ በሌላ በኩል የኪራዩ። የግንባታውን ወጪ፣ ጥገናውን፣ ክፍሉ ባዶ የሚሆንባቸውን የክረምት ወራት ሁሉ አስገባሁ። እንዴትም ብሠራው ኪራዩ በብዙ ይበልጣል። ጌሾን የምወድ ሰው ነኝና ውጤቱን ለማጣመም እጄ በልቶኝ ነበር፤ አላጣመምኩትም።

ወረቀቱን ለእናቴ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፦ «ኪራዩን የሚቀበለው ማን ነው?»

ወንድሜ «እኔ እሰበስበዋለሁ፣ ላንቺ የሚያስፈልግሽን እሰጥሻለሁ» አላት። ከልቡ ነው ያለው፤ ክፉ ልጅ አይደለም። እናቴ ግን ዝም አለች። ያ ዝምታ የገባኝ አክስቴን ሳስብ ነው። ዳባት የገብሱንና የስንዴውን ገንዘብ የሚቆጥሩት አጎቴ ናቸው፤ በሬ ይሸጥ አይሸጥ የሚባለውም በሳቸው ቃል ነው። አክስቴ ቅዳሜ በጀርባቸው አዝለው ገበያ የሚያወርዱት የጌሾ እስር ግን የሳቸው ነው። ስንት ተሸጠ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ጨው የሚገዛበት፣ የልጅ ደብተር የሚገዛበት፣ የዕድር የሚከፈልበት፣ ማንም ሳያውቅ ለተቸገረች ጎረቤት የሚሰጥበት ገንዘብ ከዚያ ነው የሚወጣው። የእናቴም እንደዚያ ነው። መቀነቷ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ከልጆቿ አንዳችን እንኳ ቆጥረነው አናውቅም። የኔ ኤክሴል ስንት ብር እንደሚገባ እንጂ በማን እጅ እንደሚገባ የሚጻፍበት ዓምድ አልነበረውም።

ብዙ ተነጋገርን። አንዳንዱ ቀን ቡናው ሳያልቅ የምንነሳበት ጊዜ ነበር። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ሁለት ክፍል መባሉ ቀርቶ አንድ ይሠራል፤ አምስት እግር ይነሳል፣ ሰባት ይቀራል፤ ኪራዩ በእናቴ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል፣ ደብተሩም እሷ ጋ ይቀመጣል። ወንድሜ መጀመሪያ ቅር ብሎት ሳምንት ያህል ሳይመጣ ቆየ፣ ከዚያ ገመዱንና ሜትሩን ይዞ መጣ። ሲለካ እናቴ ከኋላው እየሄደች ችካሉን አንድ እርምጃ ወደ አጥሩ ስታስጠጋው አይቻታለሁ። አየኝ፣ አየሁት፣ ሁለታችንም ምንም አላልናትም። የተነሱት አምስቱ እንጨታቸው ለጠጅ ቤት ተሸጠ፤ ብሩን አልጠየቅናትም።

ግቢ የሌላችሁ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ አንባቢዎች አንድ እግር ማሳደግ ትችላላችሁ። የጌሾ ፍሬ ሲበስል ከቀይ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ወፎች ይወዱታልና ቀድማችሁ ልቀሙት። ከአሮጌ ተክል ሥር በራሱ የበቀለ ችግኝ ካገኛችሁ ደግሞ ከፍሬው ይልቅ እሱ ይቀላል። ሃያ ሊትር ጄሪካን አናቱን ቁረጡና ታቹን ብሱት፤ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቅላችሁ ሙሉት። ሐምሌ ላይ ትከሉት፣ ፀሐይ የሚያገኝበት በረንዳ ላይ አስቀምጡት። ዕቃ ውስጥ ያለ ተክል ምግቡ ቶሎ ስለሚያልቅበት ፍጉን በዓመት አንዴ ሳይሆን ሁለቴ ስጡት፤ አመዱ ግን አንድ የሾርባ ማንኪያ ይበቃዋል፣ ሲበዛ አፈሩን ያበላሸዋል። የእኛ ችግኞች በሁለተኛ ዓመታቸው ነው መቆረጥ የጀመሩት፤ የጄሪካኑ ትንሽ ሊዘገይባችሁ ይችላል።

አዲሱን ክፍል የተከራየችው የነርስነት ተማሪ ናት። በገባች በሁለተኛ ወሯ ከእናቴ አንድ ችግኝ ተቀብላ በባዶ የቀለም ባልዲ በሯ ላይ ተክላለች። ጠላ አትጠጣም። ስትመረቅ ይዛው እንደምትሄድ ነግራናለች፤ እናቴም ባልዲው ጠባብ ነውና ሰፋ ያለ ፈልጊለት ብላታለች።