ከጎባ እስከ ሐረና፦ ቀለም የሚቀያይረው መንገድ

በጃፓን ወይም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ብዙ ቤተሰቦች የዛፉ ቅጠል ቀይና ወርቃማ የሚሆንበትን ሳምንት ጠብቀው ወደ ተራራ ይነዳሉ። በባሌ ግን ቀለሙን ከወቅቱ ይልቅ የሚቀይረው ከፍታው ነው። ከጎባ ተነስቶ ሳነቴን አቋርጦ ወደ ሐረና ደን የሚወርደው መንገድ ይህን በግማሽ ቀን ያሳያል።

እኔና ባለቤቴ ከስድስት ዓመት ልጃችን ጋር የሄድነው በኅዳር ነው። ሮቤ ዙሪያ ስንዴው ቢጫ መሆን ጀምሯል። ከጎባ ስንወጣ ጽድና ቀላ ያለ ዘለላ ያንጠለጠለ ኮሶ፣ ከፍ ስንል ደግሞ አስታ ተቀበለን። ከዚያ ዛፍ የሚባል ጠፋ። 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሳነቴ ላይ ብርማ ቁጥቋጦ፣ ትናንሽ ሐይቆችና እዚህም እዚያም የቆመ ጅብራ ብቻ ይታያል። 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱም እዚሁ ነው፤ ስሙ በአፋን ኦሮሞ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው።

መኪናችንን አቁመን ሳለ አንድ ቀይ ቀበሮ የፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ አየን። ልጄ «ለምን ዝም ብሎ ይቆማል?» አለችኝ። «ምሳው እስኪወጣ እየጠበቀ ነው» አልኳት። ምሳው ሳይወጣ ግን አንድ መኪና እየበረረ አለፈና ቀበሮው ሸሸ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትም የሚኖሩት ባሌ ነው። ከውሾች የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በየጊዜው ይፈጃቸዋል። መንገዱም ቤታቸውን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ስለዚህ ሳነቴ ላይ ፍጥነት መቀነስ የእያንዳንዱ ጎብኚ ድርሻ ነው።

ከአምባው ጫፍ ጠመዝማዛው ቁልቁለት ይጀምራል። በሪራ አካባቢ አስታው ትልቅ ዛፍ ሆኖ፣ ሽበት በመሰለ ነገር ተሸፍኖ በጉም ውስጥ ይቆማል። ዝቅ ሲሉ ጥቅጥቅ ያለው የሐረና ደን፣ ከሥሩም የዱር ቡና ይመጣል። ፓርኩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከልጆች ጋር ከሄዳችሁ ሮቤ ወይም ጎባ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ፤ ሰውነት ከፍታውን ይለምዳል። ውኃ አብዝታችሁ ጠጡ፣ ወፍራም ልብስም ያዙ። ሳነቴ ላይ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመራችሁ ሳትዘገዩ ወደ ታች ውረዱ። ከአዲስ አበባ ስትመጡ ከሮቤ በፊት ዲንሾ ላይ ቆማችሁ መግቢያ ክፈሉ፣ አስጎብኚም ያዙ፤ ደጋ አጋዘንን ለማየትም ከዚያ የተሻለ ቦታ አታገኙም።