አውሮፕላኑን ማን አሳረፈው?

ሪጅናል የሚባሉት አየር መንገዶች በተሳፋሪው ዘንድ ስማቸው እምብዛም አይታወቅም። ከዴንቨር ተነስቶ ወደ አስፐን የሚበረው ትንሽ ጄት ጎኑ ላይ «ዩናይትድ ኤክስፕረስ» ተብሎ ቢጻፍበትም፣ አብራሪዎቹን የቀጠረው ሌላ ኩባንያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የብዙ አብራሪ የመጀመሪያ የአየር መንገድ ሥራ የሚገኘው ከእነዚህ ኩባንያዎች ነው። እኔም እዚያ ለመግባት ያለፍኩበትን፣ ተዘጋጅቼ የቀረብኝንና እንደገና የተዘጋጀሁበትን ቃለ መጠይቅ ልመስክር። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለዚህ ሥራ ለማመልከት መጀመሪያ ሰዓት መሙላት ያስፈልጋል። በ2009 ቡፋሎ አጠገብ የኮልጋን አየር በረራ ቁጥር 3407 ወድቆ 50 ሰው ከሞተ በኋላ ኮንግረስ ሕጉን አጠበቀው። ከ2013 ጀምሮ ረዳት አብራሪም ቢሆን በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ሳይኖረው አይቀጠርም፤ በዩኒቨርሲቲ ወይም በጦር ኃይሉ ለሰለጠነ ብቻ ይቀነስለታል። የእኔ ሰዓት የተሞላው ዴንቨር አጠገብ ባለው ሴንቴኒያል አየር ማረፊያ በሴስና 172 ተማሪ እያስተማርኩ ነው። ሴንቴኒያል ከባሕር ጠለል 5,885 ጫማ ከፍ ይላል። በጁላይ ሙቀት አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ ከ9,000 ጫማ በላይ የተነሳ ያህል ይደክመዋል፣ ለመነሳትም ረጅም ማኮብኮቢያ ይበላል። ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሐበሻ ይህ አይደንቀውም። ያም ሆኖ ከኋላ ወንበር ወላጅ አስቀምጦ፣ ከፊት ተማሪ ይዞ፣ በዚያ ሙቀት መነሳትን የሞከረ ሰው ስሌቱን በልቡ ያጠናዋል።

ጥሪው የደረሰኝ 2020 መግቢያ ላይ ነበር። ቀኑ ለማርች ተቆረጠ። አውሮራ፣ ሃቫና ጎዳና አካባቢ በተከራየሁት ክፍል ግድግዳው በሙሉ የበረራ ቻርት ሆነ። ከዚያ ኮቪድ መጣና ቃለ መጠይቁ በሁለት መስመር ኢሜይል ተሰረዘ። በኤፕሪል ኮምፓስና ትራንስ ስቴትስ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ኤክስፕረስጄት የሚባሉት ሪጅናል አየር መንገዶች ሥራ አቆሙ። በሺህ የሚቆጠር ሰዓት ያላቸው ካፒቴኖች ሥራ ሲፈልጉ እኔን ማን ያየኛል? ተማሪዎቼ ተበተኑ። የመንግሥት የትምህርት ብድር ክፍያ ሲቆም፣ የእኔ ከግል አበዳሪ ስለነበረ በየወሩ ይጠብቀኛል። ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እደረድራለሁ። ቀን ደግሞ ከደመወዜ ቆርሼ አውሮፕላን እከራያለሁ፤ ምክንያቱም በመሣሪያ የመብረር ብቃት ካልታደሰ ይወድቃል፣ በስድስት ወር ውስጥ ስድስት አፕሮች መሥራት ግድ ነው። እናቴ ከባሕር ዳር ስትደውል፣ «ልጄ፣ ነርስነቱ ምን አለው? ሰው ሁሉ እንጀራ በልቶበታል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ስልኩን ዘግቼ ያለቀስኩባቸው ሌሊቶች ነበሩ።

በዚያው ዓመት ጁላይ ኤሚሊ ሃውል ዋርነር ከዚህ ዓለም በሞት መለየቷን አነበብኩ። የዴንቨር ልጅ ናት። እንደ እኔ የበረራ አስተማሪ ነበረች፤ ያስተማረቻቸው ወንዶች አየር መንገድ ሲቀጠሩ እሷ ማመልከቻዋን እያደሰች ዓመታት ቆየች። 7,000 ሰዓት ያህል ከበረረች በኋላ፣ በጃንዋሪ 1973 የያኔው ፍሮንቲየር ዴንቨር ላይ ቀጠራት። ዛሬ በዚህ ስም የሚበረው ሌላ ኩባንያ ነው፤ የያኔው የአካባቢ አየር መንገድ ነበር። በ1976 ካፒቴን ሆነች፤ በአሜሪካ መደበኛ አየር መንገድ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን። የደንብ ልብሷ ዛሬ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

ከእሷ ወደ ማርሎን ግሪን ተሻገርኩ። ግሪን የአየር ኃይል አብራሪ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በ1957 ለኮንቲኔንታል አየር መንገድ አመለከተ፤ ቅጹ ላይ ዘር የሚጠይቀውን ቦታ ባዶ ተወው፣ ፎቶም አላያያዘም። ዴንቨር ተጠርቶ ተፈተነ። ከእሱ ያነሰ ሰዓት ያላቸው ነጮች ተቀጠሩ፣ እሱ ቀረ። ጉዳዩን የኮሎራዶ የፀረ አድልዎ ኮሚሽን ያዘው፤ እየተጓተተ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በኤፕሪል 1963 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ፈረዱለት። የአብራሪው ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ሌላ ትዕግሥት ቢጠይቀውም በ1965 ሥራ ጀመረ። ሴትም ጥቁርም ሆኜ ለዚያ ወንበር የማመለክት እኔ፣ ሁለቱም በር የተከፈተው እዚሁ ከተማ መሆኑን ሳውቅ ሌሊት ካርቶን ስደረድር እንኳ አከርካሪዬ ቀና አለ።

በ2021 ቅጥሩ ተመለሰ፣ ጥሪውም መጣ። በቴክኒኩ በኩል ያለውን ባጭሩ ልለፈው፤ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ከመድረሻ ሰዓትሽ አንድ ሰዓት በፊትና በኋላ የደመናው ጣሪያ ከ2,000 ጫማ ወይም እይታው ከ3 ማይል የሚያንስ ከሆነ አማራጭ ማረፊያ ያዢ። ከ10,000 ጫማ በታች ከ250 ኖት አትለፊ። የጄፕሰን ቻርት ፊትሽ ያስቀምጡና አስረጂን ይሉሻል። ኤልሪ ጄፕሰን በ1930ዎቹ በ10 ሳንቲም በገዛት ደብተር የየማረፊያውን ልክና የተራራውን ቁመት ለራሱ ሲመዘግብ የጀመረው ሥራ ነው፤ የዴንቨር አውሮፕላን ጣቢያ ተርሚናል በስሙ ተሰይሟል፣ ኩባንያውም ከሴንቴኒያል አጠገብ ነው።

የበረራ ሰዓት የሚመዘገብበት ሎግ ቡክ ግን ጊዜ ይፈልጋል። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ያለው ድምር ከሚቀጥለው ገጽ አናት ጋር መግጠም አለበት። የመጀመሪያው ሎግ ቡኬ ጠርዙ በላብ ጠቁሮ፣ አንዳንዱ ገጽ ላይ የቤንዚን ጠብታ ደርቆበታል። በእርሳስ ደመርኩ፣ በካልኩሌተር ደገምኩ፤ ፈተና ባለፍኩባቸው ገጾች ላይ ቢጫ፣ በሌሊት በረራዎች ላይ ሰማያዊ ወረቀት ለጠፍኩ።

ያልጠበቅኩት ፈተና ሌላ ነበር፤ እሱንም ያሳዩኝ አንድ አባት ናቸው። ጋሼ ደብረ ዘይት አየር ኃይል የሰለጠኑ ተዋጊ አብራሪ ነበሩ። ዴንቨር ከመጡ ወዲህ የአውሮፕላን ጣቢያውን ተሳፋሪ ከመኪና ማቆሚያው ያመላልሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካለች ቡና ቤት ተቀምጠው ጠያቂ ይሆኑልኝ ነበር።

«ከባድ ውሳኔ የወሰንሽበትን ቀን ንገሪኝ» አሉኝ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ስንመለስ ሴንቴኒያል ላይ ነጎድጓድ ቆሞ እንደጠበቀን፣ አቅጣጫ ቀይረን ዋትኪንስ ያለው ማረፊያ እንደወረድን ነገርኳቸው። ተማሪዬ ረጋ ያለ ልጅ እንደነበረ፣ ተቆጣጣሪዋ መልካም ሰው እንደነበረች፣ እግዚአብሔር ረድቶን እንዳረፍን፣ ወዲያው በረዶ ክንፉን መደብደብ እንደጀመረ።

ስኒያቸውን አስቀመጡ። «እሺ። አውሮፕላኑን ማን አሳረፈው?»

«ያው... አረፍን፣ ጋሼ።»

«መሪው በማን እጅ ነበር?»

«በእኔ።»

«ዙሩ ያለሽስ ማን ነው?»

«እኔው ነኝ የወሰንኩት።»

«ታዲያ እሱን ንገሪኛ! ጨዋ ልጅ መሆንሽን አይቻለሁ። ሰዎቹ ግን ያልተናገርሽውን አይጽፉልሽም።»

ራሷን የምታወድስ ሴት በሰፈሬ አታስከብርም፤ እኔም በዚያ አደግኩ፣ አላፍርበትም። ግን ጋሼ ትክክል ናቸው። ጠያቂዎቹ የሚፈልጉት ምስጋና አይደለም። ካፒቴኑ ቢታመም ከኋላ የተቀመጡትን ተሳፋሪዎች ማን እንደሚያወርዳቸው ማወቅ አለባቸው፣ መብታቸውም ነው። ያየሁትን፣ የወሰንኩትንና ያደረግኩትን በቅደም ተከተል መናገር ትምክህት ሳይሆን ምስክርነት ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን አይቀንስም። የግሪንም ክስ የቆመው በሰዓቶቹ ላይ ነበር፤ አሳንሶ ቢጽፋቸው ኖሮ ዳኛው ምን ይዞ ይፈርድለታል?

ስለዚህ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተለማመድኩ። «ደመናውን አየሁ። መሪውን ተቀበልኩ። ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዞርኩ።» መጀመሪያ አፌ እንቢ አለ፤ ቀስ በቀስ ተላመደ።

የቃለ መጠይቁ ቀን ሁለት ካፒቴኖችና አንዲት የሰው ኃይል ሠራተኛ ጠበቁኝ። ሎግ ቡኩን ገለጡ፣ ቻርቱን አስነበቡኝ፣ ስለ ዴንቨር ሙቀትና ስለ ሳሳ አየር ጠየቁኝ። ከዚያ የጋሼ ጥያቄ መጣ። ዓይኔን ሳልሰብር ነገርኳቸው። በዚያው ሳምንት ተቀበሉኝ። ዛሬ በረዳት አብራሪነት ከዴንቨር እበርራለሁ፤ ተራው ሲደርሰን ከ16,000 ጫማው ማኮብኮቢያ እንነሳለን። ለእናቴ የመጀመሪያውን የደንብ ልብስ ፎቶ ስልክላት፣ «እንኳን አልሰማሽኝ» ብላ መለሰችልኝ።

በአውሮራና በዴንቨር ያላችሁ ወጣቶችና ወላጆች፣ ለበረራ ትምህርት ቤት አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) ፈቃድ ካለው ሐኪም ዘንድ የአንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ አውጡ፤ እሱ ካልተገኘ የቀረው ወጪ ከንቱ ነው። ብድር ስትወስዱ ችግር ሲመጣ ክፍያው ይቆም እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ሰዓታችሁን ሞልታችሁ ለቃለ መጠይቅ የተጠራችሁ ደግሞ ብቻችሁን አታጥኑ። ጋሼ ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ኮልፋክስ አይጠፉም፤ በረራ በሌለኝ ቀን እኔም አጠገባቸው ነኝ። ሎግ ቡካችሁን ይዛችሁ ኑ።