ፊሽካ ስለያዘው ሰው

በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ የፕሪምየር ሊግ ግጥሚያ ሲደረግ ከተመልካች መካከል የተቀመጠ ሰው፣ ጨዋታው ገና ሳይሞቅ በዳኛው ላይ የሚወርደውን የስድብ ናዳ በሰማ ጊዜ፣ ፍትሕን ያህል ከባድ አደራ በጫንቃው የተሸከመ ሰው ስለ ምን ከሁሉ ያነሰ ክብር እንደሚሰጠው መጠየቁ አይቀርም።

አባቶቻችን በመንገድ ሲጣሉ ያገኙትን አላፊ አግዳሚ ዳኛ አድርገው ሰይመው ጉዳያቸውን ያሰሙት፣ «በሕግ አምላክ» ሲባሉም እግራቸውን ይገቱ የነበረው፣ ሰውየውን ፈርተው ሳይሆን ከእሱም ከእነሱም በላይ ለሆነው ሕግ ተገዝተው ነበር። ይህን መንፈስ ዛሬ የምናየው ግዙፋን ሰዎች እንደ ኮርማ በሚላተሙበት በራግቢ ሜዳ ነው፤ በዚያ ዳኛውን ስለ ውሳኔው ማነጋገር የአምበሉ ፈንታ ሲሆን፣ ያጉረመረመ ቡድን ቅጣቱ አሥር ሜትር ወደ ራሱ መስመር ይገፋበታል። እ.ኤ.አ. በ2023 በተደረገው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ በሙያው ጠበቃ የሆነው እንግሊዛዊው ዌይን ባርንስ ለኒውዚላንዱ አምበል ለሳም ኬን ቢጫ ካርድ ካሳየ በኋላ፣ ጥፋቱ በቪዲዮ ተመርምሮ ከፍ ያለ ሆኖ ሲገኝ ካርዱን ወደ ቀይ ለውጦታል፤ አምበሉም ያለ ሁከት ከሜዳ ውጭ ቀርቷል።

እኛም ከዚህ የማያንስ ምሳሌ አለን። አቶ ስዩም ታረቀኝ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮው የዓለም ዋንጫ ስዊድንንና እስራኤልን በዳኙ ከግማሽ ምእት ዓመት በኋላ፣ ኢንተርናሽናል ዳኛ በአምላክ ተሰማ እ.ኤ.አ. በ2022 በያውንዴ የቡርኪና ፋሶና የሴኔጋልን የአፍሪካ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ሲመሩ፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ሁለት ጊዜ ለሴኔጋል ፍጹም ቅጣት ምት ሰጥተው ሁለቱንም ጊዜ በቪዲዮ ምርመራ ሽረዋል። በሁለት ጣቶች አየር ላይ አራት ማዕዘን ሥሎ የገዛ ቃልን በአህጉር ፊት መሻር የደካማነት ምልክት የሚመስለው ካለ፣ የዳኝነትን ልዕልና አልተረዳም፤ ሕግ ከዳኛው በላይ መሆኑ የሚታወቀው ዳኛው ራሱ ሲገዛለት ነውና።

ስለዚህ ከሞጆ እስከ ባቱ ባሉት የስምጥ ሸለቆ አቧራማ ሜዳዎች፣ ሰፈር ከሰፈር ሲጋጠም፣ የረዳቱን ባንዲራ ዘግይቶ አይቶ የሰጠውን ጎል በሻረ ወጣት ላይ «ፈሪ!» እያልን ስንጮህበት፣ ራስን ማረም ውርደት መሆኑን እያስተማርነው ነው። እንዲህ ተምሮ ያደገ ዳኛ ደግሞ ስሕተቱን እያወቀ በስሕተቱ ይጸናል፤ ያን ጊዜ በማን ላይ አቤት እንላለን?