ለፈረስ ጆሮ የተሠራ ዕቃ

ከሞተር ሳይክል ዕቃዎች ሁሉ ባለቤቱ ለራሱ የማይገዛው ማርሚታን ብቻ ነው። ጎማው ካልያዘ የምወድቀው እኔ ነኝ። ፍሬኑም መብራቱም እንደዚያው። ማርሚታ ግን የሚተፋው ወደ ኋላ ነው፤ እኔ አልፌ ሄጃለሁ፣ የሚደነቁረው የቀረው ሰው ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ሰንሰለቱ ሲላላ በዚያው ቀን ጋራዥ የሚሮጥ ሞተረኛ፣ ማርሚታው ተበስቶ ሁለት ክረምት ሲከርም ግድ የማይሰጠው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። በጎረቤት ጆሮ ማን ገንዘብ ያወጣል?

ነገሩ ከውልደቱም እንዲያ ነው። ሚልተን ሪቭስ የሚባል አሜሪካዊ፣ ኢንዲያና ግዛት ኮሎምበስ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 ያለ ፈረስ የሚሄድ ሠረገላ ሠራ። ሠረገላው መሄዱንስ ሄደ፤ ጩኸቱ ግን የአገሩን ፈረስ እያስበረገገ አስቸገረ። ስለዚህ ከወንድሙ ጋር ሆኖ ድምፅ ማፈኛ ሠራና በዓመቱ የፈጠራ መብት አወጣበት። በእኛ 1889 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ የጎጃም ፈረሰኛ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር ዐድዋ በዘመተ በዓመቱ። እንግዲህ መጀመሪያ የታዘነለት ለሰው ጆሮ አይደለም፣ ለፈረስ ነው። ማርሚታ የሚለውን ስም ከካንዴላና ከፍሪሲዮን ጋር ጥሎልን የሄደው ጣሊያን ነው፤ ዕቃውን የሚልኩልን ህንድና ቻይና ናቸው።

አሜሪካ ፈረሱ ከመንገድ ከወጣ ቆይቷል። እኛ ዘንድ ገና አለ። በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጌ ወደ እንጅባራ ስሄድ አስፋልቱን የምጋራው ከፈረስ ጋር ነው። እንጅባራማ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 በዓሉን የሚያደምቅባት ከተማ ናት። በገበያ ቀን ደምበጫ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ድምፄን ከሩቅ ሰምተው ኖሮ፣ የፈረሳቸውን ፊት ወደ ቦዩ አዙረው ዓይኑን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፍነው ጠበቁኝ። ቆሜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

«ልጄ፣ ይኼ ነገር ቀስ ብሎ መናገር አይችልም?»

«ተበስቶ ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ድፈነዋ!»

መድፈንስ ቀላል ነው። የተበሳው ግን ከውስጥ ዝጎ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲነድ አንድ ሊትር ገደማ ውኃ ይወጣዋል፤ ረጅም መንገድ ከሆነ ማርሚታው ግሎ በእንፋሎት ያስወጣዋል፣ ከቤት ቢሮ ከቢሮ ቤት ከሆነ ግን በደብረ ማርቆስ ብርድ እዚያው ይጠራቀማል። በላሜራ ቢበየድ ቀዳዳው ከጎኑ ይከተላል። ስለዚህ ግዢ ገባሁ።

ባለ መለዋወጫው ልጅ ሦስት ዓይነት ደረደረልኝ። ኦርጅናሉን ዋጋውን ጠይቄ በክብር መለስኩት። ሁለተኛው አጭር፣ ኒኬሉ የሚያብረቀርቅ ነው። «ጋሼ፣ ይኼ ስፖርት ነው፤ ኃይል ይጨምራል» አለኝ። አንስቼ በጫፉ አጮልቄ አየሁ፤ በወዲያ በኩል መንገዱ ወለል ብሎ ታየኝ። ብርሃን በቀጥታ ካሳለፈ ድምፅንም በቀጥታ ያሳልፋል። ደህና ማርሚታ ውስጡ በክፍል በክፍል የታጠረ ነው፤ ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ጉልበቱን እዚያው ይጨርሳል። የስፖርቱ በጥጥ መሳይ ቃጫ ብቻ ያፍናል፤ ቃጫው ነድዶ ሲያልቅ ባዶ ቧንቧ ይቀራል።

ኃይል የሚባለውም ወሬ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ሞተሩ የሚስበው አየር ባሕር ዳርቻ ከሚያገኘው ሦስት አራተኛው ቢሆን ነው። ኃይሉን የወሰደው ተራራው እንጂ ማርሚታው አይደለም። በድሮዎቹ የመሥሪያ ቤት ያማሃዎች፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር በሚያነዱት፣ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቧንቧቸው ሆድ የተነፋው ለጌጥ አይደለም፤ የምሥራቅ ጀርመኑ ዋልተር ካደን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ እንዳራቀቀው፣ ከጭሱ ጋር አምልጦ የሚወጣውን ነዳጅ በድምፅ ሞገድ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ይመልሳል። እሱን ቆርጦ መጣል ኃይልን ቆርጦ መጣል ነው።

ከኃይሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ «ጧ!» የሚለው ነው። ከደጀን ወደ ዓባይ ሸለቆ ማርሽ ይዤ ስወርድ፣ ከነዳጁ ላይ እጄን ሳነሳ፣ ቧንቧው ከሲሊንደሩ ጋር በሚገጥምበት ጋስኬት በኩል አየር ከገባ ያልነደደው ቤንዚን እዚያው ይቀጣጠላል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ቀልድ አይደለም፤ ሱቅ ያዘጋል፣ እናት ልጇን ትጣራለች፣ ጠመንጃ የያዘም ዞሮ ያያል። የሞተር ድምፅ ማፈኛና የጠመንጃ ድምፅ ማፈኛ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። አባትየው ሂራም ማክሲም መትረየሱን ፈልስፎ የራሱንም ጆሮ አደነቆረ፤ ልጁ ሂራም ፐርሲ እ.ኤ.አ. በ1909 የጠመንጃ ማፈኛውን የፈጠራ መብት አወጣ፣ በዚያው ብልሃትም የሞተር ማርሚታ ሸጠ። የአባትን ዕዳ ልጅ ይከፍላል ማለት ይኼ ነው።

ሦስተኛውን ወሰድሁ፦ ከተፈታ ሞተር የወጣ፣ ቀለሙ የለቀቀ ኦርጅናል። ስነቀንቀው ውስጡ አልተንኳኳም፤ ክብደቱም ክፍሎቹ በቦታቸው እንዳሉ ይናገራል። ወደ ታች የተሠራችው የውኃ ማንጠባጠቢያ ቀዳዳ አልተደፈነችም። ከኋላ ሻንጣ ብሰቅል ሻንጣው እንዳይቃጠል የሚበቃ ርቀት አለው። ለጋስኬቱ ብቻ አዲስ ገዛሁ፤ እሱ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

ሻጭ ሞተሩ ላይ አስቀምጦ «ጋዙን ስጠውና ስማው» ሲላችሁ እሺ አትበሉ። ውረዱና እሱ ራሱ ይስጠው። እናንተ ሃያ ርምጃ ወደ ኋላ ሂዱና ከዚያ ስሙት። እዚያ ቆማችሁ ካልወደዳችሁት፣ ርካሽ ነው ያሏችሁ ዋጋ ገና ግማሹ ነው፤ ቀሪውን የሚከፍለው በየመንገዱ ዳር የቆመው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ ዋጋ አልተከራከረም።