ኪኒኑና ሚዛኑ

ቋራ ውስጥ፣ ገለጉ ላይ፣ ሰው ሲከሳ መጀመሪያ ወባ ይመረመራል፤ ቀጥሎ ካላዛር ይጠረጠራል። ትክክል ነው። ቋራና መተማ የሁለቱም አገር ናቸው፤ በሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ካላዛር በትኩሳትና በክሳት ይጨርሰዋል። ችግሩ ሁለቱም ሳይገኙ ሲቀሩ ነው። «ምግብ ዘጋኝ» ያለን ሰው እንቅልፍ አጥተህ ይሆን፣ መኖር አስጠልቶህ ይሆን ብሎ ስለ ድባቴ የሚጠይቀው ጥቂት ነው። ጾም ሲገባማ ጭራሽ ይሸፈናል፤ ያልበላ ሁሉ ጾመኛ ይመስላላ!

ሌላኛውን ጫፍ ደግሞ እዩት። ባይፖላር የተባለው የአእምሮ ሕመም ያለበት ልጅ ጎንደር ሄዶ ኦላንዛፒን ጀምሮ ይመለሳል። መድኃኒቱ ማኒያውን፣ ማለትም ከልክ ያለፈ መነቃቃቱን፣ ያበርዳል፤ ግን የምግብ ፍላጎትን ይከፍታል፣ ያወፍራል፣ ስኳርንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ሰፈሩ «ተመችቶሃል!» ይለዋል። እናት አምና አጥንቱ የወጣ ልጇ ፊቱ ሲሞላ ብትደሰት ማን ይፈርዳል? ሆኖም ያ ውፍረት ሁሌ ጤና አይደለም። ይህንኑ ኪኒን የሚወስድ የቀን ሠራተኛ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው፤ ኪኒኑ የቀሰቀሰበትን ረሃብ የሚያስታግስበት እንጀራ የለውም። ስለዚህ ኪኒኑን ይተወዋል፤ ሕመሙም ያገረሽበታል።

ሊትየም ለባይፖላር ፍቱን ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ መጠኑ ግን በደም ምርመራ መለካት አለበት። ሰው በላብ ውሃና ጨው ሲያጣ ሊትየሙ በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ሊመርዘው ይችላል፤ ለሚያስመልስ ሰውም እንዲሁ አደገኛ ነው። በቆላው ሐሩር ማሳ ላይ ለሚውል ሰው ያለ ላቦራቶሪ ማዘዝ፣ እንደ እኔ፣ ድፍረት ነው።

ቡታጅራ ላይ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች 10 ዓመት የተከታተለ ጥናት፣ ከሌላው ሕዝብ ወደ 30 ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ አሳይቷል። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነው። አእምሮው ሲታከም ገላው ይረሳል ማለት ነው።

ሚዛን ውድ ዕቃ አይደለም። ኪኒን በተሰጠ ቁጥር ክብደት ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ስኳር ይለካ። ውፍረቱ ከበዛ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊቀይር ወይም ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። እናንተ የታማሚ ቤተሰቦች፣ ልጁ ወፈረ ብላችሁ ኪኒኑን በራሳችሁ አታስቁሙት። እየተደበቀ የሚያስመልስ ከሆነ፣ ወይም ጾሙ ተፈቶም አልበላ ካለ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት።