ዳኛ ፊት ይሉኝታ አያዋጣም

በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ወገኖቻችንን የሚጎዳቸው የጉዳያቸው ድክመት ብቻ አይደለም፤ ጨዋነታቸውም ነው። ሹም ፊት አንገት ደፋ አድርጎ «አዎ» ማለት ከእናት ከአባት የወረስነው ነው። እዚያ ግን የተባለው ሁሉ ይቀዳል።

የመጀመሪያው ቀጠሮ፣ ሰዉ «ማስተር» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልቃል። ዳኛው ከመጥሪያው ላይ ያነብባሉ፦ የአሜሪካ ዜጋ አይደለህም፣ የኢትዮጵያ ዜጋ ነህ፣ በዚህ ቀን በዚህ ድንበር ገብተሃል። ሰውየው ለሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። የገባበት ቀን ተሳስቶ ቢጻፍስ? ዳኛ ማረም ነውር መስሎት ያልፈዋል። ጥገኝነት ግን በመርሕ ደረጃ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት፤ ያቺ ዝም ተብላ ያለፈች ቀን ኋላ መጥታ ታንቀዋለች። የውጭ ዜጋ መሆኑን የማስረዳት ግዴታ ያለበት መንግሥት መሆኑንም የነገረው የለም። «አዎ» ሲል ያንን ሥራ ለመንግሥት ጠበቃ በነጻ ሠራለት።

ስለዚህ መጀመሪያ መባል ያለበት «ጠበቃ ልፈልግ፣ ጊዜ ይሰጠኝ» ነው። መጠየቅ መብት ነው፤ በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ ዳኞች ብዙውን ጊዜ ይፈቅዳሉ። በነጻ የሚሠሩ ጠበቆች ዝርዝርም ከፍርድ ቤቱ ይሰጣል። መንግሥት ግን ጠበቃ አያቆምላችሁም። በስርቆት የተከሰሰ ድሃ ሊታሰር የሚችል ከሆነ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል፤ ሊባረር የቀረበ ሕፃን ግን ብቻውን ሊቆም ይችላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1893 ማባረር የወንጀል ቅጣት አይደለም ካለ ወዲህ ነገሩ በዚያው ቀጥሏል። ከቤት ከልጅ መነጠል ቅጣት ካልሆነ ምን እንደሆነ እኔ አልገባኝም።

አስተርጓሚ ደግሞ በፍርድ ቤቱ ወጪ ነው። ብዙ ጊዜ በስልክ ስለሚሆን ድምፁ ይቆራረጣል፤ ሰው ግን «ይድገሙልኝ» ማለት ያፍራል። የባሰው፣ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ አፉን የፈታ ሰው «አማርኛ ይበቃኛል» ብሎ መግባቱ ነው። ለገበያ ይበቃው ይሆናል። እስር ቤት የደረሰበትን ሲያስረዳ ግን ቃል ያጥረዋል፣ ይንተባተባል፤ የመንግሥት ጠበቃም «ታሪኩ ይለዋወጣል» ይላል። በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጠይቁ። ካልገባችሁ «አልገባኝም» በሉ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን።

ሌላው አድራሻ ነው። ሥራ ፍለጋ ከሜሪላንድ ዳላስ የሄደ ሰው ለፖስታ ቤቱ ነግሮ ፍርድ ቤቱን ይረሳል። የአድራሻ ለውጥ ቅጹ በአምስት ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ መግባት አለበት። በቀጠሮ ያልቀረበ ሰው በሌለበት እንዲባረር ሊወሰንበት ይችላል፤ «መጥሪያው አልደረሰኝም» የሚለው መከራከሪያም አድራሻውን ላላስመዘገበ ሰው እምብዛም አይሠራም።