ከውስጥ የማይከፈት በር

በቢሾፍቱ አዲስ ቤት ሲሠራ፣ የላሜራው በር ከተገጠመና የአጥሩ አናት ላይ የጠርሙስ ስባሪ ከተተከለ በኋላ፣ በየመስኮቱ የብረት ፍርግርግ ይበየዳል። ወላጅ ለዚህ ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣው ሌባን ፈርቶ ብቻ ሳይሆን፣ ልጆቹ በከተማዋ ሐይቆች እንዳይሰጥሙም ሰግቶ ነው። ሆራ፣ ባቦጋያና የቢሾፍቱ ሐይቅ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ በፈጠራቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተኙ በመሆናቸው ዳርቻቸው ገደላማ፣ ውኃቸውም ጥልቅ ነው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ከ80 ሜትር በላይ ይወርዳል። በአበባ እርሻ ወይም በፋብሪካ በፈረቃ የሚሠሩ እናትና አባት፣ አደራ የሚቀበል ጎረቤት ሲያጡ፣ ልጆቻቸውን ቤት አስቀምጠው በውጭ በኩል ጓጉንቸር የሚቆልፉት ጨክነው ሳይሆን ሳስተውላቸው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ሆኖም ልጅን የሚገድለው ነገር ከቤቱ ውስጥ ሊነሣ ይችላል። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን፣ ቀለምም ሽታም የሌለውን ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ ኦክስጅንን በደም ውስጥ ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር፣ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚጣበቅ ሰውነት ኦክስጅን ያጣል፤ ራሱን አሞት የተኛው ልጅም እየታፈነ ሳለ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። መብራት ጠፍቶ የተለኮሰ ሻማ መጋረጃ ሲይዝ ደግሞ፣ ጎረቤት በጩኸቱ ቢደርስ እንኳ የተበየደ ብረት በእጅ አይነቀልም፤ የኤሌክትሪክ መቁረጫውም ያለ መብራት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1911 በኒው ዮርክ ትራያንግል የተባለው የልብስ ፋብሪካ ሲቃጠል ከሞቱት 146 ሠራተኞች ብዙዎቹን ለሞት የዳረጋቸው፣ ስርቆትን ለመከላከል ሲባል የተቆለፈ በር ነበር።

ስለዚህ የቁልፍ ጥሩነት መመዘን ያለበት ሌባን በማገዱ ብቻ ሳይሆን፣ በጨለማና በጭስ ውስጥ ያለ ልጅ ሊከፍተው በመቻሉም ጭምር ነው። በየመኝታ ክፍሉ ቢያንስ አንዱ ፍርግርግ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኖ፣ ቁልፉ ከውጭ እጅ በማይደርስበት፣ ልጁ ግን በሚያውቀው ቦታ ይንጠልጠል፤ ይህን ለበያጁ መንገር የሚቀለው ብረቱ ግድግዳው ላይ ሳይታሰር ነው።

ለአራት ዓመት ሕፃን ግን የትኛውም ማጠፊያ አይበቃውም፤ እርሱ የሚያስፈልገው አብሮት የሚውል አዋቂ ነው። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ደንግጎ ነበር፤ የቢሾፍቱ እርሻዎችና ፋብሪካዎችም የፈረቃ ሰዓት ሲያወጡ፣ የሠራተኞቻቸው ልጆች በዚያ ሰዓት የት እንደሚውሉ አብረው ሊያስቡበት ይገባል።